ልቅሶና ሐዘን
(ለወላጅ መታሰቢያ በተጻፉ መጻሕፍት ላይ የቀረበ አስተያየት)

በቋንቋችን ልቅሶና ሐዘን ሁለት ነገሮች ናቸው። ልቅሶ ቀን አለው፤ ቦታ አለው፤ ሥርዓትም አለው። ሰው ልቅሶ ይደርሳል፤ ልቅሶ ቤት ይውላል፤ ሳይደርስ የቀረ እንደ ሆነም ይወቀሳል። ሐዘን ግን ቀጠሮ የለውም። ድንኳኑ ከተነሣ፥ ንፍሮው ካለቀ፥ የሩቁም ዘመድ ወዳገሩ ከተመለሰ በኋላ በጸጥታ የሚገባው እርሱ ነው። ለልቅሶ የሚሆን ግጥም ከጥንት ጀምሮ ሞልቶናል፤ ለሐዘን የሚሆን ዝርው ጽሑፍ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በአገራችንና በፈረንሳይ አገር ለወላጅ መታሰቢያ ከተጻፉት መጻሕፍት ጥቂቶቹን አቅርበን፥ የሞተን አባት ወይም እናት በጽሑፍ ለማቆየት የሚሻለው መንገድ የትኛው እንደ ሆነ እንመርምር።

ጉዳዩ የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ባለፉት መቶ ዓመታት በአገራችን እጅግ ብዙ ልጆች ከወላጆቻቸው ቤት ወጥተው ወደ ትምህርት ቤት ሄደዋል። አባቱ በሬ ጠምዶ ወይም ዳዊት ደግሞ ያሳደገው ልጅ ዛሬ የሚናገረው የመሥሪያ ቤትንና የመማሪያ መጽሐፍን ቋንቋ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ወላጁን ሲቀብር የሚቀብረው ሰውን ብቻ አይደለም፤ እርሱ ራሱ ትቶት የወጣውን አነጋገርና ኑሮ አብሮ ይቀብራል። ከቀብር ሲመለስ የሚናገርበት ቋንቋ አባቱ ያልሰማው ቋንቋ ነው። እንግዲህ አባቱን በየትኛው ቋንቋ ይጻፈው? ከዚህ በታች የምናያቸው ጸሓፊዎች ሁሉ፥ አንዳንዶቹ ዐውቀው፥ አንዳንዶቹም ሳይናገሩት፥ ለዚህ ጥያቄ የየራሳቸውን መልስ ሰጥተዋል።

አስቀድመን የራሳችንን ልማድ እንይ። የአማርኛ ሙሾ በሕዝብ ፊት የሚነገር ግጥም ነው። አልቃሽ በልቅሶው መካከል ቆማ ታወርዳለች፤ ልቅሶኛው ይቀበላታል፤ ደረቱንም ይመታል። በቀድሞው ዘመን የሞተው ባለማዕርግ የሆነ እንደ ሆነ ፈረሱ ተሸልሞ፥ ጋሻውና ጦሩ፥ ልብሱም ተይዞ፥ በልቅሶው ሜዳ ይዞር ነበር። ሟቹም የሚጠራው በፈረሱ ስም፥ በትውልድ አገሩ፥ በአባቶቹ ዘር፥ በጀግንነቱና በለጋስነቱ ነው። ይህ ሥርዓት ለሐዘንተኛው የሚሰጠው ጥቅም ከፍ ያለ ነው። ሐዘንተኛው ምን እንደሚለብስ፥ የት እንደሚቀመጥ፥ መቼ ቀና እንደሚል ራሱ መወሰን የለበትም። ሠልስቱ፥ አርባው፥ ሰማንያው፥ መንፈቁና ሙት ዓመቱ እንደ ደረጃ ሆነው ቀስ በቀስ ወደ ኑሮው ይመልሱታል። እህሉን ጎረቤት ያመጣል፤ ውሃውን ጎረቤት ይቀዳል፤ ማታም ብቻውን እንዳያድር ሰው አብሮት ያድራል።

ነገር ግን ሙሾ ሟቹን ሲያከብረው ከሌላው ሟች ጋር ያመሳስለዋል። ላንዱ ጀግና የወረደው ግጥም ስሙ ብቻ ተለውጦ ለሌላው ጀግና ሊሆን ይችላል። ላንዲት ደግ እናት የተባለውም ለመንደሩ ደጋግ እናቶች ሁሉ ይበቃል። ጥሩ አልቃሽ ይህን ድካም ስለምታውቅ፥ አስቀድማ የሟቹን ጠባይና ኑሮ ከቤተ ዘመድ ትጠይቃለች። ልብ ብሎ ለተመለከተም ልቅሶኛው ከልቡ የሚያነባው ጀግንነቱ ሲቈጠር አይደለም። ባዶ ስለ ቀረው መደብ፥ ከምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ስለ ቀረው ጋቢ፥ ጌታው ይመጣ መስሎት በር በሩን ስለሚያየው ውሻ በተነገረ ጊዜ ነው። ውዳሴው ሟቹን ያስከብረዋል፤ ትንሹ ነገር ግን ሟቹን ያሳየዋል። የዚህም ጽሑፍ ዋና አሳብ ከዚህ ይነሣል፤ ባለሙያዋ አልቃሽ በሜዳው ላይ የምታውቀውን ነገር መጽሐፍ ጸሓፊውም ሊያውቀው ይገባል።

ከቃል ወደ ማተሚያ ቤት ስንመጣ በመጀመሪያ የምናገኘው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ነው። በ1910 ዓ.ም. ካሳተሟቸው መጻሕፍት ሁለቱ ለዚህ ጉዳይ የቀረቡ ናቸው። አንደኛው የልቅሶ ዜማ ግጥም ነው፤ ርእሱም ምስጢሩ ከመጻሕፍት ጋራ የተስማማ መሆኑን ይናገራል። ከዚህ ርእስ እንደምንረዳው ደራሲው ልቅሶው ይቅር አላሉም፤ ግጥሙ ግን ከሃይማኖቱ ተስፋ ጋራ እንዲታረቅ ፈለጉ። ከአልቃሽ አፍ የነበረውን ነገር ወደ ፊደል አምጥቶ ማረም ለዚያ ዘመን ትልቅ ሥራ ነው።

ሁለተኛው «ለልጄ ምክር፥ ለአባቴ መታሰቢያ» የሚለው ነው። በዚህ ርእስ ውስጥ ሦስት ትውልድ አለ። አባት ይታሰባል፤ የሚታሰበውም በድግስ ወይም በሐውልት አይደለም፤ ለልጅ ልጁ በሚሰጠው ምክር ነው። የሞተ አባት ዕዳ የሚከፈለው ላልሞተው ልጅ ነው እንደ ማለት ነው። በአማርኛ መጻሕፍት ርእሶች መካከል ይህን የሚያህል አሳብ በጥቂት ቃል የያዘ ብዙ አይገኝም።

ሆኖም መጽሐፉ የምክር መጽሐፍ እንጂ የሕይወት ታሪክ አይደለም። በዚህ መንገድ አባት የሚኖረው ሕግ ሆኖ ነው። አንባቢው የሚያገኘው ማናቸውም መልካም አባት ለማናቸውም ልጅ ሊለው የሚገባውን ቃል ነው፤ ያ አንድ አባት እንዴት ይቀመጥ እንደ ነበረ፥ ሲቈጣ ምን ይል እንደ ነበረ፥ ምን ያስቀው እንደ ነበረ አያገኝም። ይህን የምንለው ሊቁን ለመንቀፍ አይደለም። የዘመናቸው አስፈላጊ ነገር ትውልድን መምከር ነበረና ያንን ፈጽመዋል፤ በኋላም አገራቸው በጠላት በተያዘች ጊዜ በስደት ኖረው በ1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ዐረፉ። ነገር ግን ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ጸሓፊዎች ምክሩንና ውዳሴውን ብቻ ወርሰው፥ ሟች ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ ያለው ሆኖ ቀረ። በየጊዜው የሚታተሙትን የመታሰቢያ ጽሑፎች የሚያነብ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ሁሉም ሟች ትሑት፥ ሁሉም ሟች ለጋስ፥ ሁሉም ሟች አገር ወዳድ ነው።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ፍርሃት ነው። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» የሚለው አነጋገር መልካም አነጋገር ነው፤ መልስ የማይሰጥን ሰው መክሰስ ነውር ነውና። ዳሩ ግን ብዙ ሰው ትንሹን ነገር መናገር ከመውቀስ ይቈጥረዋል። አባቴ ቡናውን ጨው ካልገባበት አይጠጣም ነበር ማለት፥ እናቴ ገንዘቧን በመቀነቷ ቋጥራ ሦስት ጊዜ ትቈጥር ነበር ማለት፥ ክብር የሚቀንስ ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ነገር ግን ወቀሳ አይደለም፤ ሟቹን ከሌላው ሟች ለይቶ የሚያሳውቅ ምልክት ነው።

የልቅሶው ሥርዓት እንደ እኛ አገር ባልጸናበት ስፍራ የሚኖር ጸሓፊ ደግሞ ሐዘኑን በምን እንደሚይዘው ለማየት ወደ ፈረንሳይ እንሻገር። በአውሮፓ አቈጣጠር ጥቅምት 25 ቀን 1977 የታወቀው ሐያሲ የሮላን ባርት እናት በ84 ዓመታቸው ሞቱ። ባርት በማግሥቱ ጀምሮ፥ ተራውን የመጻፊያ ወረቀት ባራት እየቈረጠ፥ በየቀኑ ያገኘውን ሐዘን ባጭር ባጭሩ ይጽፍ ጀመር። እስከ 1979 ድረስ የተጠራቀሙት ቍርጥራጮች 330 ያህል ነበሩ። እርሱ በ1980 መኪና ገጭቶት ሞተ፤ ቍርጥራጮቹም በ2009 «የሐዘን ማስታወሻ» ተብለው ታተሙ። ሲታተሙ ከወዳጆቹ መካከል የተቃወመ ነበረ፤ ለሕዝብ ያልታሰበ ነገር ለሕዝብ ወጣ በማለት ነው።

የእናትና የልጁን ኑሮ ማወቅ መጽሐፉን ለመረዳት ያስፈልጋል። የባርት አባት የባሕር ኃይል መኰንን ነበሩ፤ በ1916 በሰሜን ባሕር በተደረገ ውጊያ ሲሞቱ ሕፃኑ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር። እናት ብቻቸውን አሳደጉት፤ በፓሪስም መጽሐፍ እየጠረዙ እንጀራቸውን ያገኙ ነበር። ልጁ በመጻሕፍት የታወቀ ሰው ሆኖ እስኪያረጅ ድረስ ከእናቱ ጋር ኖረ፤ በመጨረሻው ሕመማቸውም ጊዜ ያስታመማቸው እርሱ ነው። ወላጁን እንደ ልጅ ያጐረሰ ልጅ የሚያዝነው ሐዘን የእናትም የልጅም ሐዘን እንደ ሆነ በመጽሐፉ ይታያል።

በእነዚህ ቍርጥራጮች ላይ ታላቅ ነገር አይነገርም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንቶች ውስጥ የተጻፈ አንድ ማስታወሻ ለምሳሌ ይበቃናል። ባርት ወደ ኬክ ቤት ይገባል፤ ሻጪቱ ለገበያተኛ ዕቃ ስትሰጥ «ቩዋላ» ትላለች፤ በእኛ ቋንቋ «ይኸው» እንደ ማለት ነው። ይህ ቃል እርሱ እናቱን ሲያስታምም አንድ ነገር ባቀረበላቸው ቍጥር የሚናገረው ቃል ነበረ። ወደ ዝምተኛው ቤቱ ተመልሶ ብዙ አለቀሰ። ሰው የቀብሩን ቀን ችሎ ቆሞ፥ በሁለተኛው ሳምንት በኬክ ቤት ውስጥ በአንዲት ቃል ይወድቃል። ሐዘን የደረሰበት አንባቢ ሁሉ የራሱን «ይኸው» ያውቃል።

ባርት በዚያ ወራት የሚያነበው ይልቁንም ፕሩስትን ነበር። ማርሴል ፕሩስት እናቱ በ1905 ከሞቱበት በኋላ ያንን ረጅም ልብ ወለዱን የጻፈ ሰው ነውና፥ ባርት የፈለገው ሥነ ጽሑፉን ብቻ አልነበረም፤ በዚህ መንገድ ቀድሞት የሄደ ሰው መፈለጉ ነው። ከእርሱም አንድ ነገር አገኘ። ሊቃውንት «ደይ» የሚሉትን ቃል ትቶ፥ ፕሩስት የተናገረበትን «ሻግረን» የሚለውን መረጠ፤ የመጀመሪያው ቃል የሐኪምና የሥርዓት ቃል ሲሆን ሁለተኛው የልብ ሕመም ነውና። እርሱ በብዙ ወረቀት የፈለገውን ልዩነት የአማርኛ ተናጋሪ ልቅሶና ሐዘን በሚሉት ሁለት ቃላት ቀድሞ ይዞታል። በሌላ በኩል ደግሞ ለሐዘንተኛ የተሰናዳ ሥርዓት በኅብረተሰቡ ውስጥ አለመኖሩን ባርት በምሬት ይመዘግባል። ሠልስትና አርባ ያለው ሰው ይህን ሲያነብ የያዘውን ነገር ዋጋ ያውቃል።

የመጽሐፉ ጕድለት ግን ከዚሁ ይመጣል። ሐዘኑ ይታያል፤ እናትየዋ ግን እምብዛም አይታዩም። ባርት ይህን ጕድለት ለመሙላት በ1979 «ብሩህ ክፍል» የሚለውን ስለ ፎቶግራፍ የሚናገር መጽሐፉን ጻፈ። ከእናቱ ሞት በኋላ አንድ ማታ በመብራት ሥር ፎቶግራፎችን ሲመለከት እውነተኛ መልካቸውን ያገኘው በ1898 በአምስት ዓመታቸው ከወንድማቸው ጋር በተነሡት ፎቶግራፍ ላይ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ብዙ ፎቶግራፎች ታትመዋል፤ ያንን አንዱን ግን አላተመውም። ለእርሱ እናቱ፥ ለሌላው ግን ያልታወቀች ሕፃን ናቸውና። ይህ ታማኝነት ነው፤ ነገር ግን የመንገዱ መጨረሻም ነው። ለራሱ ብቻ የሚያዝን ሰው እናቱን ለሌላው ሊያሳይ አይችልም።

አኒ ኤርኖ የሄደችበት መንገድ የተለየ ነው። ይህች ጸሓፊ በ1940 በኖርማንዲ ተወለደች፤ በ2022 የኖቤልን ሽልማት በሥነ ጽሑፍ ተቀበለች። አባትዋ በልጅነታቸው ከትምህርት ቤት ወጥተው በእርሻ ተቀጠሩ፤ ቀጥሎም በገመድ ፋብሪካ ሠሩ፤ በመጨረሻም በኢቭቶ ከተማ አነስተኛ መጠጥ ቤትና ሱቅ ከፈቱ። በ1967 ልጃቸው የመምህርነት ፈተናዋን ካለፈች ከሁለት ወር በኋላ ሞቱ። ከ16 ዓመት በኋላ፥ በ1983፥ «ላ ፕላስ» የሚለው መጽሐፍዋ ወጣ፤ ትርጓሜው ስፍራ ማለት ሲሆን ሰው በኅብረተሰቡ ውስጥ ያለውን ማዕርግም ያመለክታል።

ጸሓፊዋ አስቀድማ ስለ አባትዋ ልብ ወለድ ጀምራ ነበር፤ ነገር ግን ተወችው። ችግርና ሥራ የገዛውን ሕይወት ለመንገር ጌጠኛ ቋንቋ አይገባም ብላ ፈረደች። ስለዚህ የአባትዋን ቃላት፥ አነጋገራቸውን፥ አቀማመጣቸውን፥ የሚወዱትንና የሚያፍሩበትን ነገር ብቻ ሰበሰበች። ዐረፍተ ነገርዋ አጭር ነው፤ አታለቅስም፤ አታመሰግንም። የቀብሩን ነገር ስትነግረን፥ እናትዋ መጠጥ ቤቱን የዘጉት ለቀብሩ ሰዓት ብቻ መሆኑን ትጽፋለች፤ ከዚያ በላይ ቢዘጉ ደንበኛ ይሸሻልና። ሟቹ ከፎቅ ተኝተው፥ ሚስታቸው ከታች ለጠጪ ይቀዳሉ። ለእኛ አገር አንባቢ ይህ የሚያስደነግጥ ነው፤ ዳሩ ግን ስለ ድኻ ነጋዴ ኑሮ ብዙ ገጽ የማይናገረውን ይናገራል።

የመጽሐፉ ልብ ግን በንባብ ላይ ነው። አባትየው በትምህርት ቤት ያነበቡትን ሁለት ልጆች ፈረንሳይን ሲዞሩ የሚተርከውን የታወቀ የንባብ መጽሐፍ ዕድሜያቸውን ሙሉ አልረሱትም። ልጃቸው 12 ዓመት ሲሆናት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ይዘዋት ሄዱ። ከፍ ካለው ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጡት ሰዎች የትኛውን መጽሐፍ እንደሚፈልጉ ጠየቋቸው። አባትና ልጅ አስቀድሞ መምረጥ እንደሚያስፈልግ አላወቁም ነበርና ሰዎቹ መረጡላቸው፤ ለልጅቱ የሜሪሜን «ኮሎምባ»፥ ለአባትየው ደግሞ አንድ ቀላል የሞፓሳን ልብ ወለድ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወደዚያ አልተመለሱም። ጸሓፊዋ በዚህ ላይ ምንም ትችት አትጨምርም። አንባቢው ግን በሩን ገፍተው የገቡትን አባት ድፍረትና ሲወጡ የነበራቸውን ዝምታ ያያል። ልጅቱን ከአባትዋ የሚለያት ነገር እርሳቸው ራሳቸው እጅዋን ይዘው የወሰዷት ንባብ ነውና፥ ሐዘኑ በዚህ እጥፍ ይሆናል።

መጽሐፉ የሚያልቀውም በመቃብር ላይ አይደለም። አሁን መምህርት የሆነችው ልጅ በአንድ ትልቅ መደብር ገንዘብ ለመክፈል ተሰልፋ ሳለ፥ ገንዘብ ተቀባይዋ የቀድሞ ተማሪዋ ሆና ታገኛታለች፤ ትምህርቱ አልተሳካላትም። አንዱ ሲወጣ ሌላው በስፍራው ይቀራል። ስለ ወላጅ ሞት የተጻፈ መጽሐፍ በተማሪ መጨረሱ መምህር የሆነውን አንባቢ ሁሉ ሊያሳስበው ይገባል። ነገር ግን በዚህም መጽሐፍ ላይ አንድ የሚቈጨን ነገር አለ። የአባትየው ቃላት በውስጡ ቢኖሩም ተቈርጠው የተለቀሙ ናቸው፤ የሚናገረው የልጅቱ ድምፅ ነው። ከሞት በኋላ የሚሰበሰብ ቃል ከዚህ ሌላ ሊሆን አይችልም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በብዙ ቤት ከሟች አባት የሚቀረው አንድ መጽሐፍ ዳዊት ነው። የማኅደሩ ጠፍር በትከሻ ብዛት አልፍቷል፤ የገጹ ጠርዝ ከአውራ ጣት ብዛት ጠቍሯል፤ እዚህም እዚያም የጧፍ ጠብታ አለበት። በባዶው ብራና ላይ የልጆች ልደትና የዘመድ ሞት ተጽፏል። ልጁ ግእዙን ባያውቅም እንኳ አባቱ የትኛውን መዝሙር አብዝቶ ይደግም እንደ ነበረ ከጠቈረው ገጽ ሊያውቅ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ነው፤ ሳይናገር የሚናገር መታሰቢያ ነው። ድምፁን ግን አይመልስም።

ድምፁን ለማቆየት ያሰቡት አቶ መንግሥቱ ለማ ናቸው። «ጠልፎ በኪሴ»ንና «ያላቻ ጋብቻ»ን የጻፉት እኒህ ባለቅኔና የተውኔት ደራሲ በለንደን ተምረው የተመለሱ ነበሩ፤ አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ ደግሞ የቤተ ክህነት ሊቅ ነበሩ። ልጅየው አባታቸውን በድምፅ መቅጃ ፊት አስቀምጠው የሚያስታውሱትን እንዲነግሯቸው አደረጉ። ከዚያም የተነገረው ወደ ጽሑፍ ተመልሶ «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ ወልደ ታሪክ» ተብሎ በ1959 ዓ.ም. ታተመ። የተማሪ ቤት ኑሮ፥ የመምህራን ወግ፥ የቅኔ ጨዋታ፥ የነገሥታት ዘመን ወሬ በውስጡ አለ።

የዚህ መጽሐፍ ብልጫ አባት ራሳቸው መናገራቸው ነው። ልጁ አያመሰግኑም፤ አያስተምሩም፤ የአባታቸውንም አማርኛ ወደ ጋዜጣ አማርኛ አልለወጡም። አለቃ ለማ የሚናገሩት ሰው እንደሚናገር ነው፤ ወሬ ወሬን እያነሣ፥ አንዱ መምህር ሌላውን መምህር እያሳሰበ። የታሪክ ተማሪ ዓመተ ምሕረት በተራ የተደረደረበት መጽሐፍ ፈልጎ ቢመጣ ይቸገራል፤ ቅኔውም የቅኔ ቤት ደጅ ላላየ አንባቢ ይከብዳል። ይህ ግን የመጽሐፉ ዋጋ ነው እንጂ ጕድለቱ አይደለም። ሰው በሕይወት ሲናገር ቀጥ ብሎ አይሄድምና፥ የተቃናው ቃል የሟቹ መሆኑ ይቀራል።

ይህ በሕይወት ካለ አባት አፍ የተቀዳ ቃል ስለ ሆነ የሐዘን መጽሐፍ አይደለም የሚል ቢኖር፥ መልሳችን ከሐዘን አስቀድሞ የተጻፈ የሐዘን መጽሐፍ ነው የሚል ነው። ባርት የእናቱን ድምፅ በኬክ ቤት ውስጥ ከሌላ ሰው አፍ በድንገት ሰማው፤ ኤርኖ የአባትዋን ቃል ከ16 ዓመት በኋላ ለቀመችው፤ አቶ መንግሥቱ ግን ተቀምጠው ጠየቁ፤ ተነገራቸው። ከአባቱ ቤት በትምህርት የራቀ ልጅ በዚያው በትምህርቱ መሣሪያ ተመልሶ ገባ። እርሳቸውም በ1980 ዓ.ም. ዐርፈዋል፤ የአባትና የልጅ ጭውውት ግን ዛሬም ገጹን ለገለጠ ሁሉ ይሰማል።

ነገሩን በሚዛን እንየው። ምክር አባትን ሕግ ያደርገዋል፤ ውዳሴ ሐውልት ያደርገዋል፤ ለራስ ብቻ የተጻፈ ሐዘንም በልጁ ልብ ውስጥ ይዘጋዋል። አባት ሰው ሆኖ የሚቀረው በገዛ ቃሉና በየዕለት ልማዱ ነው። ይህን ካልን በኋላ ግን በአማርኛ ገና ያልተሞላውን ስፍራ ማመልከት ይገባናል። አለቃ ለማ ሊቅ ነበሩ፤ የሊቅን ቃል ማዳን ተገቢ መሆኑን ማንም አይክድም። የማይጽፉት እናት፥ ቅኔ የማይቈጥሩት ገበሬ፥ ሸማኔው፥ ባልትና የሚያውቁት ባልቴት ግን ጸሓፊ አላገኙም። በርበሬ ሲያስመቱ ለልጃቸው የሚናገሩት፥ ከገበያ ሲመለሱ የሚቈጥሩት ሒሳብ፥ ማታ እሳቱን ሲያዳፍኑ የሚሉት ቃል እንደ ቅኔ አይቈጠርምና በየቀኑ ይቀበራል። ኤርኖ ስለ አንድ ባለሱቅ ያደረገችውን ለእነርሱ የሚያደርግላቸው የአማርኛ መጽሐፍ ያስፈልገናል።

ለዚህ ጅማሬው በመምህራን እጅ ነው። በብዙ ክፍል ውስጥ ተማሪው ስለ አባቱ ወይም ስለ እናቱ ድርሰት እንዲጽፍ ሲታዘዝ የሚጽፈው ውዳሴ ነው፤ ወላጅን ማክበር እንደሚገባ አስረድቶ በምሳሌያዊ አነጋገር ይዘጋዋል። መምህሩ ግን ቅዳሜ ወደ ቤትህ ሄደህ እናትህ በልጅነትዋ ምን ትፈራ እንደ ነበረ ጠይቃት፥ የነገረችህንም ቃል ሳታቃና ጻፈው ቢለው፥ ሰኞ የሚመጣው ድርሰት ሌላ ይሆናል። የፊደሉ ስሕተት ይታረም፤ የእናትየዋ አነጋገር ግን አይታረም። በየመሥሪያ ቤቱ ያለን ሰዎችም በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቻችንን ለመጠየቅ ወዳገራችን ስንወርድ ከምንወስደው ስኳርና ቡና ጋር ደብተር ብንጨምር ሸክሙ አይከብድም። ዛሬማ በየሰው ኪስ ባለው ስልክ ድምፅ መቅዳት ስለሚቻል፥ መሣሪያ አጣን የሚል ምክንያት የለንም። የሚያስፈልገው ጥያቄና ትዕግሥት ብቻ ነው፤ ጥያቄውም የሚመለሰው ጠያቂውና ተጠያቂው በአንድ ምድጃ ዙሪያ ለመቀመጥ እስከ ቻሉበት ቀን ድረስ ነው።